ጫማ ያደረጉ ፊደሎች

ጀይሉ ታፔላ ጽፎ ሲጨርስ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ብሩሹን አጥቦ፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ አስፋልቱ ይወጣና ከደሴ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ያስቆማል። የሚሳፈረው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን የማይሞላ መንገድ ነው። ሾፌሩን «አቦ፣ ትንሽ ፈጠን አድርገው» ይለዋል። ሚኒባሱ በታፔላው ፊት ሲያልፍ ጀይሉ በመስኮት ያያል። የተጻፈውን አንብቦ ሳይጨርስ ካለፈ ወርዶ በእግሩ ይመለስና የሱቁ ባለቤት ቢለምነውም ባይለምነውም ያጠፋዋል። የእኔን ታፔላ ሁለት ጊዜ አጥፍቶብኛል። በሦስተኛው «ኑርሁሴን የጽሕፈት መሣሪያ» የሚለውን እያለፈ አነበበውና ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ልደበድበው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጓደኝነታችን የጀመረው እንዲህ ነው፤ ይኸው ሀያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሚሴ ውስጥ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፣ ግማሹም የሚያወራው ውሸት ነው። እኔ የማውቀውን ልጻፍ። ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ከእኔ የበለጠ የበደለውም ምናልባት የለም።

አባቱ የጨፋ ሸለቆ ገበሬ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከተማ ገባና በእህል ተራ የነጋዴዎችን ስም በጆንያ ላይ በመጻፍ ጀመረ። ቀጥሎ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል መጻፍ መጣ። በእኛ ዞን ያለ ሱቅ ሁሉ ስሙን በሁለት ፊደል፣ በአማርኛና በቁቤ፣ ማጻፍ ፈለገ። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች አማርኛውን ደልደል አድርገው ከጻፉ በኋላ ከሥሩ ቁቤውን በቀጭኑ ጫር ጫር ያደርጉትና ይሄዳሉ። ጀይሉም የመጀመሪያ ታፔላውን የጻፈው እንደዚያው ነው። ከላይ «ምግብ ቤት» አለ፣ ከታች «መነ ኛታ» ብሎ በላቲን ጻፈ።

እናቱ እማ ኡምኩልሱም ለገበያ ከሸለቆው መጥታ ልጇ የጻፈውን ታፔላ ለማየት ከፊቱ ቆመች። አማርኛውንም ቁቤውንም ማንበብ አትችልም። ብዙ ካየችው በኋላ እንዲህ አለችው፦

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የላይኞቹ ጫማ አድርገዋል። የታቾቹ ግን ባዶ እግራቸውን ናቸው። ምን አድርገውህ ነው?»

ይህን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ይስቃል። ያን ዕለት ግን አልሳቀም። ሄዶ ደጋግሞ አየው፤ እውነቷን ነበር። የአማርኛው ፊደል እግሩ ሥር ሰፋ ብሎ መሬቱን ይረግጣል፤ ላቲኑ ግን እንደ ተተከለ እንጨት ቆሟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቁቤውም ጫማ ያደርግለት ጀመር። ቋሚውን መስመር አወፈረው፤ መስመሩ ከሌላው ጋር የሚገናኝበትን አንገት አቀጠነው፤ እግሩ ሥር አማርኛው ያለውን ያንኑ ሰፋ ያለ ጫማ ሰጠው። የአፋን ኦሮሞ ቃል ፊደል እየደጋገመ ስለሚረዝም ቁቤውን ጠበብ አድርጎ አቆመው፣ ሁለቱ መስመሮች እኩል ቦታ እንዲይዙ። ሁለቱ ቋንቋዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ቤት ልጆች መሰሉ። በእኛ ከተማ ያሉ ታፔላ ጸሐፊዎች የፊደልን እግር እስከ ዛሬ «ጫማ» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወፍራም ፊደል መጻፍ ቀላል ይመስላል። ጀይሉ ግን «ማወፈር ማንም ያወፍራል፤ አወፍሮ ዓይኑን አለማጥፋት ነው ሥራው» ይል ነበር። ዓይን የሚለው በፊደሉ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ነው። ብሩሽ ሲወፍር የ«መ» ሁለት ሆዶች ይደፈናሉ፣ የ«ው» ቀለበት የቀለም ጠብታ ሆኖ ይቀራል። የ«ጠ» ሦስት እግሮችም ተጣብቀው ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ጥቁር ሳጥን ይሆናሉ። እሱ ምን አደረገ? የ«ጠ»ን መካከለኛ እግር ከሁለቱ ጎረቤቶቹ በግማሽ አቀጠነው። ከቅርብ ሲያዩት ስሕተት ይመስላል። ከሚኒባስ መስኮት ሲያዩት ግን ሦስቱም እግር ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን የሚያደርግ ሌላ ጸሐፊ አላየሁም።

ደግሞ ሕግ ነበረው፤ ያ ፊደል ለስም ብቻ ነው። ስልክ ቁጥር በሱ አይጽፍም፣ ዝርዝር አይጽፍም። አንድ ጊዜ አብዶ የሚባል ጋራዥ ያለው ሰው የሚሠራቸውን አሥራ አራት ዓይነት ጥገናዎች በሙሉ በዚያ ወፍራም ፊደል ካልጻፍክልኝ ብሎ ሙጭጭ አለ። ጀይሉ እንዲህ አለው፦ «ይኼ ፊደል የሚጣራ ፊደል ነው። አሥራ አራት ሰው ባንድ ጊዜ ቢጣራህ የማንን ትሰማለህ?» አብዶ ተናዶ ሄደ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «አብዶ ጋራዥ» የሚለው ብቻ በወፍራሙ ተጻፈ፣ የቀረው በቀጭን።

እንግዲህ በድሩ የሚባል ሰው የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ሠርቶ ሠርቶ የባነር ማተሚያ ይዞ ከሚሴ ገባ። ከእኔ ሱቅ በሦስተኛው በር ከፈተ። ሰው ሁሉ ጀይሉ ይጠላዋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሱ ግን አልጠላውም። እንዲያውም በሥራ መሐል የእኔ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ሁለቱ ስለ ቀለምና ስለ ፊደል ሲከራከሩ ይውላሉ። በድሩ ምላሱ ጣፋጭ ነው፣ ይህን አልክድም። እኔንም አስቆኛል።

በዚያው ዓመት እማ ኡምኩልሱም ሞተች። ጀይሉ ለብዙ ጊዜ ብሩሽ አልነካም። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እኔ ሱቅ ተቀምጦ ሳለ በድሩ ገብቶ ጎኑ ቁጭ አለና እንዲህ አለው፦

«የጨፋ ትምህርት ቤቶችን ዞሬ አየኋቸው። ግድግዳቸው ላይ አንድ የፊደል ገበታ እንኳን የለም። አንተ ከሀ እስከ ፐ፣ ቁቤውንም ጨምረህ በእጅህ ብትጽፍልኝ እኔ አትሜ አድላለሁ። ለእናትህ ሰደቀተል ጃርያ ይሆናታል።»

ሰደቀተል ጃርያ ማለት ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ነው። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አለ፣ ዛፍ የሚተክል አለ። ጀይሉ የሚሰጠው ፊደል ነው። ማንበብ ሳትችል ለሞተች እናቱ አንድ የጨፋ ልጅ አንድ ፊደል በለየ ቁጥር ምንዳው ይደርሳታል ማለት ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

አራት ወር ጻፈ። ወረቀቱን ከእኔ ይወስዳል፤ አንዷ ጥግ ከተበላሸች ቀዶ ሌላ ይጠይቀኛል። ዕድሜውን ሙሉ በግድግዳ ላይ ጽፏቸው የማያውቃቸው ፊደሎች ነበሩ። «ጰ»ን ሲጽፍ ሦስት ቀን ፈጀበት። «ወሏሂ፣ በዚህ ፊደል የሚጀምር አንድም ሱቅ በከሚሴ የለም» እያለ ይስቃል። ያ የቆየ ሳቁ የተመለሰው በዚያ ሰሞን ነው።

ጨርሶ ያስረከበው እኔ ሱቅ፣ በእኔ ባንኮኒ ላይ ነው። ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወረቀቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ለበድሩ እየሰጠው ሁለት ነገር አለ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ይኼ የጨፋ ልጆች ንብረት ነው፤ በአንተ እጅ አማና ነው» አለው። አማና በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም፤ ያንተ ያልሆነ፣ ለባለቤቱ እስክታደርሰው የምትጠብቀው ማለት ነው። ቀጥሎ፦ «ስሜን ደግሞ አትጥራ። ስሜ ከገባበት ይዩልኝ ይሆንና ምንዳዋ ይቀንስባታል።»

በድሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወሏሂ አልጠራም» አለ።

ወር ሄደ፣ ወር መጣ። ገበታው የለም። ጀይሉ ሲጠይቅ አንዴ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አንዴ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ አልመጣም። ጀይሉ አመነው። እኔም ዝም አልኩ፤ በሦስት በር ርቀት ያ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ሲንኳኳ እየሰማሁ።

አንድ ሰኞ ጀይሉ ለሥራ ባቲ ወርዶ ነበር። ገበያው መሐል የተደረደረ የዱቄት ከረጢት አየ። «የጤፍ ዱቄት» ይላል፣ በወፍራም ፊደል። ቆመ። የ«ጤ» መካከለኛ እግር ቀጭን ነው። ሻጩን ይህን ማን ጻፈው ቢለው ሰውዬው ግራ ገባው፤ «በኮምፒውተር ነው እንጂ ማን ይጽፈዋል? ፎንት ነው። ‹በድሩ ድርብ› ይባላል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ማተሚያ ቤት ሁሉ ከበድሩ ገዝቷል» አለው።

ከረጢቱን ገዝቶ ተሸክሞ መጥቶ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠው። አልጮኸም። ጣቱን «ጤ» ላይ አድርጎ «ኑርሁሴን፣ ይቺን እግር ማን ነው ያቀጠናት?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

«በል እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዓይናችን ተገለጠ። ፊደሉ የሌለበት ቦታ አልነበረም። የፋርማሲ በር ላይ አለ፣ የእግር ኳስ ማሊያ ላይ አለ፣ የሐዘን ባነር ላይ አለ። ስብሰባ መጥሪያ ማስታወቂያ ሳይቀር ከላይ እስከ ታች በዚያ ወፍራም ፊደል ተሞልቶ፣ ሰው ከፊቱ ቆሞ ማንበብ አቅቶት ጎረቤቱን ይጠይቃል። ለስም ብቻ የተሠራ ፊደል ስልክ ቁጥር ሆኖ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ሆኖ ዋለ። ጀይሉ ይህን ባየ ቁጥር የሚያመው ይመስለኝ ነበር። በጨፋ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ብቻ ያ ፊደል አልነበረም።

በድሩን ሄዶ ጠየቀው። በድሩ ያለውን ጀይሉ ራሱ ነግሮኛል፦ «ስሜን አትጥራ አላልከኝም? አልጠራሁም። ለእኔ ሰጠኸኝ፣ እኔ ደግሞ ሠራሁበት። ስጦታ ሰጥቶ መልስ የሚል ሰው አለ?»

ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ጀይሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ስሙ እንዲጠራለት አልጠየቀም፣ ገንዘብም አላነሳም። ፊደሉ የልጆቹ አማና መሆኑ ይታወቅና በድሩ ገበታውን አትሞ ለትምህርት ቤቶቹ ያድርስ፣ የእናቴ ሰደቃ ይድረስልኝ ነው ያለው። በድሩ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ይላል። አማና ነው ከተባለ በድሩ ይገደዳል፤ ስጦታ ነው ከተባለ ነገሩ ያበቃል። ያን ዕለት የተባለውን የሰማ ሦስተኛ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

የጀይሉ ሚስት ዘይቱና ሱቅ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም። «ኑርሁሴን፣ አንተ ስላለህ አላህ ይመስገን። ጀይሉም፣ እሱ ካለ ምን አሳሰበኝ ብሏል» አለችኝና ሄደች።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ልጄ ነኢማ ታጭታ ነበር። የታጨችው ለእንድሪስ ነው፣ ለበድሩ ወንድም ልጅ። የጋብቻው ውል፣ ኒካሑ፣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በድሩ የታሸገ ካርቶን ይዞ ገባ። የሰርጉ መጥሪያ ካርድ ነው፣ አትሞ ያመጣው። ከፈትኩት። የልጄ ስም በጀይሉ ፊደል ተጽፏል። በድሩ ስለ ምስክርነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «እንግዲህ ዘመድ ሆነናል፣ አይደል?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳቄ ጆሮዬ ላይ አለ።

የተቀመጡት ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ነው። ለመክፈቻ ፋቲሐ ተቀራ። የሚመሩት ሼህ ሙሐመድዘይን ናቸው፤ ጎንበስ ብለው የሚሰሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ። ጀይሉ ተናገረ፣ በድሩም ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ኑርሁሴን፣ አንተን መሐላ አንጠይቅህም። የታመንክ ሰው ነህ» አሉኝ። «ያን ዕለት ስሜን አትጥራ ሲል ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የጨፋ ልጆች ንብረት ነው፣ በአንተ እጅ አማና ነው ሲልስ?»

ቀና ብዬ አላየሁም። ጀይሉ በቀኜ በኩል ተቀምጧል። እንደተማመነ ትንፋሹ ያስታውቃል፤ የቆየ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ይጠብቃል። የነኢማ ፊት መጣብኝ። ኒካሑ ቢፈርስ የሚወራው ወሬ መጣብኝ። ከዚያ አፌ እንዲህ አለ፦

«ሼህ፣ ያን ጊዜ ደብተር የሚገዛ ሰው ገብቶብኝ ነበር። እሱን አላስታውስም።»

ዋሸሁ። ሰው አልገባም ነበር፤ ቃሉንም እንደ ስሜ አስታውሰዋለሁ። ያፈርኩት ደግሞ በዋሸሁ ሰዓት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት የተሰማኝ ዕረፍት ነበር። ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሼሁ ወደ ጀይሉና ወደ በድሩ ዞሩ። ቀጥለው ሌላ ምስክር ከሌለ የተሰጠው ስጦታ ነው፣ ሰጪውም በገዛ አፉ ስሜን አትጥራ ብሏል፣ እንግዲህ አውፍ ተባባሉ አሉ። ይቅር ተባባሉ ማለታቸው ነው። በድሩ ፈጥኖ ተነስቶ የጀይሉን ትከሻ ሳመ።

ጀይሉ እጁን ዘረጋለት። «እኔ የራሴን አውፍ ብያለሁ» አለ። «የእናቴን ግን እኔ አውፍ ልል አልችልም። የሷን በወዲያኛው ዓለም ራሷ ትጠይቀዋለች።»

ዱዓ ተደረገ። ሰው እየተነሳ ወጣ።

እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ ተመኝቼዋለሁም። ከግቢው ሲወጣ አየኝ፤ በአጠገቤ አለፈ። ዘይቱና መንገዱ ማዶ ቆማ ነበር፤ ፊቱን አየችው። ተከትላው ሄደች።

ኒካሑ አማረ። ጀይሉ መጥቶ ከሰው ጋር በላ፣ ለነኢማ ዱዓ አደረገላት፣ ራሷን ዳበሳት። ልጄ ምንም አታውቅም፤ «አባ፣ ጋሽ ጀይሉ እንዴት ደስ ይላል» አለችኝ። በድሩ ከዚያ በኋላ ሁለት ማሽን ጨመረ። ባለፈው መስከረም ለደብተር ሽያጭ ጨፋ ወርጄ ሁለት ትምህርት ቤት ገባሁ። አስተማሪው ፊደሎቹን በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፏቸዋል። በዓይኔ አይቼ ተመለስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ጀይሉ ለሁለት ወር ሱቄን አልረገጠም። ታፔላም ይጽፋል ሲሉ አልሰማሁም። አንድ ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ባንኮኒውን ዞሬ ላቅፈው ተነሳሁ። እሱ ከደረጃው አልተነቃነቀም። ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ወረቀት ሻጭ» ሲለኝ የኖረው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ኑርሁሴን። እንዴት አደሩ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም» አልኩ።

«የአናጢ እርሳስ ይኖርዎታል?»

«ጀይሉ» አልኩት። «ምን ማለትህ ነው? እኔ እኮ ነኝ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«አዎን» አለኝ። «አውቅዎታለሁ።»